ባንዲራው ከምርጫው በፊት ይሰፋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

ሰው ሠራሽ ቋንቋ የሚወዱና የሚፈጥሩ የከተማችን ወጣቶች ለማኅበራቸው ባንዲራ ለማሠራት ንድፎች እየሰበሰቡ መሆናቸውን በጋዜጣችሁ ላይ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ያሳሰበኝ አካሄዱ ነው። ንድፎቹ በወረቀት ታትመው ይለጠፋሉ፣ አባላት ድምፅ ይሰጣሉ፣ ያሸነፈው ለልብስ ሰፊ ይላካል ተብሏል። በዚህ ቅደም ተከተል ከተሄደ ሰፊው እጅ ላይ የሚደርሰው ባንዲራ ሊሆን የማይችል ሥዕል ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ድምፅ የተሰጠበትን ነገር መለወጥ ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ንድፎች መጀመሪያ ይሰፉ፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው ይታዩ፣ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይሁን እላለሁ። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ልመና አለኝ፤ ባንዲራው ላይ ፊደል አይግባ።

ከፊደሉ ልጀምር፤ ቋንቋ ወዳጆች ሁሉ የሚፈተኑበት ነውና። አንዱ «ሀ»ን መሀል ላይ ማስቀመጥ ይፈልጋል፣ ሌላው «ልሳን» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ራሱ የፈጠረውን ፊደል ያመጣል። ባንዲራ ግን ሁለት ፊት አለው። ከፊት በትክክል የሚነበብ ቃል ከኋላ ሲያዩት ተገልብጦ ይታያል። በፊደላችን ደግሞ ቀ፣ ቁና ቂ የሚለያዩት በቀኝ ጎን ባለች አንዲት ጭረት ነው፤ ከኋላ ሲታይ ጭረቷ ወደ ግራ ትዞርና ፊደሉ ይበላሻል። ይህን ለማስቀረት ሁለት ባንዲራ ጀርባ ለጀርባ መስፋት ይቻላል። የሳዑዲ ዓረቢያ ሰንደቅ ዓላማ ጽሑፉ በሁለቱም ወገን ከቀኝ ወደ ግራ እንዲነበብ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ጨርቁ እጥፍ ይከብዳል፣ ዝግ ባለ ነፋስ አይነሣም፣ ዝናብ ሲመታው ውኃ ይዞ ይንጠለጠላል። ፀሐይ ከበስተኋላው ስትሆንም የወዲያኛው ጽሑፍ በወዲህኛው ውስጥ ያልፍና ሁለቱም አይነበቡም።

ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1971 የያዘችው ባንዲራ በቀዩ ክብ ውስጥ የሀገሪቱ ካርታ በቢጫ ነበረበት። በ1972 ካርታው ወጣ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በሁለቱም ፊት በትክክል ለማሳየት ማስቸገሩ ነው። መንግሥት ያስቸገረውን ነገር የአንድ ከተማ ማኅበር በአንድ የስፌት መኪና አይወጣውም።

መጠኑም ሌላ ችግር ነው። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው በ30 ሜትር ርቀት ለይቶ ማየት የሚችለው ወደ 1 ሳንቲም ሜትር የሚጠጋ ነገር ነው፤ ጨርቁ ሲውለበለብ ደግሞ ያም አይታየውም። እኔ የምመክረው ልክ ከርቀቱ ሺህኛውን ነው፤ ከ30 ሜትር እንዲታይ የተፈለገ ማንኛውም መስመር ከ3 ሳንቲም ሜትር አይቅጠን። በ1 ሜትር በ1.5 ሜትር ባንዲራ ላይ ሙሉ ቃል ሲጻፍ የፊደሎቹ ጭረት ከዚህ በታች ሊቀጥን ይችላል። «ሀ» ብቻውን ትልቅ ሆኖ ቢሰፋስ ለሚል፣ እውነት ነው፣ ይታያል፤ ከኋላም ብዙ አይለወጥም። ግን የማኅበሩ አባላት የሚፈጥሯቸው ቋንቋዎች አንዱ በግእዝ ፊደል፣ አንዱ በላቲን፣ አንዱ ራሱ በፈጠረው የሚጻፉ ናቸው። አንዱን ፊደል መሀል ላይ ማንሣት ለሌሎቹ እናንተ እንግዶች ናችሁ እንደማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ለዘብ ማለት አልችልም።

ቀደም ብለው የሠሩትን ማየት ይጠቅማል። ፖላንዳዊው የዓይን ሐኪም ዛሜንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ያሳተመው ኤስፔራንቶ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ባንዲራ ያገኘው በ1905 በፈረንሳይዋ ቡሎኝ ሱር ሜር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ነው። አረንጓዴ መደብ፣ በምሰሶው በኩል በላይኛው ማዕዘን ነጭ ካሬ፣ በካሬው ውስጥ አምስት ጫፍ ያለው አረንጓዴ ኮከብ፤ ሌላ ምንም የለም። የባንዲራው ርዝመት፣ ቁመትና የካሬው ጎን 3 ለ2 ለ1 ናቸው፤ ኮከቡ የሚገባበት ክብ ሬዲየስ ደግሞ የካሬው ጎን 0.35 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ማንኛውም ሰፊ ሳያበላሽ የሚሰፋው እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ስላሉት ነው። ሆኖም ይህ የአንድ ቋንቋ ባንዲራ ስለሆነ አረንጓዴውን ኮከብ መዋስ አይገባም።

የሁሉም ዓይነት ቋንቋ ፈጣሪዎች የሚያውቁት ሌላ ባንዲራ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው። የሰናዖር ግንብ፣ ከኋላው የምትወጣ ፀሐይ። ለእነርሱ የቋንቋ መብዛት በረከት ስለሆነ ግንቡን በደስታ ይዘውታል። እዚህ ግን ግንቡ ቢሰቀል በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ያደገ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ትዕቢትንና ቅጣትን ነው፤ አባላቱም ባንዲራቸውን ባወጡ ቁጥር ሲያስረዱ ሊኖሩ ነው። ማብራሪያ የሚፈልግ ምልክት ደግሞ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል።

የሐይቁ ዳር ምልክቶችን ሁሉ በአንድ ላይ መደርደርም ሌላው ወጥመድ ነው። ዓባይ፣ ዘንባባ፣ ፔሊካን፣ ገዳም፣ መጽሐፍ፣ ብዕር፣ የዓለም ካርታ፤ እያንዳንዱ ሲነገር ያምራል፣ አንድ ላይ ሲሰፋ ግን ከሩቅ አንድ የተዝረከረከ ነገር ይሆናል። ገዳሙና መስቀሉ አባላቱ የተለያየ እምነት ያላቸው ስለሚሆኑ ቢቀሩ ይሻላል። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ታንኳን እመርጣለሁ። ደንገል በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ያለ ሚስማር፣ በእጅ የሚሠራ ነገር ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እንደገና ይሠራል። ቋንቋ የሚፈጥር ሰውም ሥራው እንደዚያው ክፍል ከክፍል እያሰሩ ደጋግሞ መሥራት ነው። ቅርጹም ለባንዲራ የተመቸ ነው፤ አፍንጫው ሾጠጥ ብሎ ቀና ያለ፣ ኋላው የተቆረጠ፣ ውስጡን ሳይሥሉ በጥላው ብቻ የሚታወቅ። ቀዛፊ ሰው አይጨመርበት፤ ክንድና መቅዘፊያ ከ3 ሳንቲም ሜትር በታች ይቀጥናሉ።

ስለ ቀለም ሲነሣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይን በተርታ ማስቀመጥ ወይም በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ኮከብ መስፋት ከሀገሪቱ ሰንደቅ ዓላማና ከዓርማው ጋር ያምታታል፤ በሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 የተደነገገ ነገር ስላለ ከሩቁ መራቅ ነው። ሐምራዊ የሚወዱ አባላት እንዳሉ አነበብሁ። ጣና ዳር ግን ሐምራዊ አበባ ሲባል ሁሉም የሚያስበው እምቦጭን ነው፤ ታንኳን በሐምራዊ መካከል ማስቀመጥ በአረም የተያዘ ጀልባ ያስመስለዋል። በርካሽ የተነከረ ሐምራዊና ቀይ ደግሞ ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ፀሐያችን ቶሎ ይገረጣል። እኔ የምለው ጠቆር ያለ ሰማያዊ መደብ፣ ቢጫ ታንኳ፣ በቃ። ሁለት ቀለም ለሰፊም ለገንዘብ ያዥም ይቀላል።

ሌላ ቀለም የሚመርጡ ካሉ መመዘኛው ጨለማና ብርሃን ነው። ንድፉ ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ከነበሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ፤ ቀይንና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግረው ሰውም የሚያየው ከዚህ ብዙ አይለይም። ቢጫ በነጭ ላይ ይጠፋል። ቀይ በሰማያዊ ላይ ሁለቱም ይጠቁራሉ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቀዩ ከሰማያዊው ቀድሞ ይጨልማል። ጨለማ ቀለሞችን ጎን ለጎን ማድረግ ግድ ከሆነ መካከላቸው የነጭ ወይም የቢጫ ጥብጣብ ይግባ። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። እነዚያ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀለም ድፍን ነው፣ ከጎረቤቱ የሚለየውም በጠቆረ መስመር ነው። በደብዛዛ ብርሃን ከሩቅ ቆሞ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስፌቱ ልግባ፤ ሰዎች የሚንቁት ክፍል ይህ ነው፣ ባንዲራው የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ሲያልቅ 100 በ150 ሳንቲም ሜትር ለሚሆን ባንዲራ መደቡ 104 በ157 ይቆረጣል። ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ሳንቲም ሜትር ለድርብ እጥፋት፣ በምሰሶው በኩል 2 ለመጋጠሚያ፣ በነፃው ጫፍ 5 ለወፍራም እጥፋት ማለት ነው። 1 ሜትር ከ60 ጨርቅ ይበቃል። ለታንኳው ደግሞ 90 ርዝመት በ30 ቁመት ከተፈለገ ዙሪያውን 3 ሳንቲም ሜትር ትርፍ ተይዞ 96 በ36 ይቆረጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ ሜትር ቢጫ ይበቃል ብሎ ይገዛና ታንኳውን በጨርቁ ስፋት አግድም ይቆርጠዋል። ያኔ የመደቡ ድር፣ ማለትም በጥቅሉ ርዝመት የሚሄደው ክር፣ በርዝመቱ፣ የታንኳው ድር በቁመቱ ይሆናል። ድርና ማግ እኩል አይሸበሸቡም፤ የመጀመሪያው ዝናብ እንደመታው ወይም የመጀመሪያው እጥበት እንዳለፈ ታንኳው ዙሪያውን ይጨማደዳል፣ ከዚያ በኋላ ተኩሶ ማስተካከል አይቻልም። 1 ሜትር ሙሉ ይገዛና የሁለቱም ድር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ።

የጨርቁ ዓይነትም ያው መሆን አለበት። መደቡ ፖሊስተር፣ ታንኳው ጥጥ ከሆነ አንዱ ይሸበሸባል ሌላው አይሸበሸብም። አቡጀዲ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለመስፋት ይታዘዛል፤ ለዘለቄታው ግን ውኃ ይይዛል፣ ቀለሙም ቶሎ ይገረጣል። ሳቲን ያብረቀርቅና ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ነጭ ይመስላል፣ ጠርዙም ይተረተራል። ውጭ ለሚሰቀል ሳሳ ያለ ፖሊስተር ይሻላል። ክሩም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር በፀሐይና በእርጥበት ጨርቁ ደህና እያለ ይበሰብሳል። ከመቆረጡ በፊት የሰማያዊው ቁራጭ ከነጭ ጨርቅ ጋር ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ነጩ ከተበከለ ያ ጨርቅ አይገዛም፤ አለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ቢጫው አረንጓዴ ይሆናል።

የታንኳው ቦታ ትክክለኛው መሀል አይሁን። ነፃው ጫፍ ስለሚታጠፍ መሀል ላይ የተሰፋ ምልክት ለዓይን ወደ ጫፉ ያጋደለ ይመስላል። ባንግላዴሾች የክቡን እምብርት ከርዝመቱ 9 ሃያኛ ላይ ያደረጉት ለዚህ ነው። በእኛ ልክ ከምሰሶው 67.5 ሳንቲም ሜትር ይሆናል፤ ታንኳው ከ22.5 ተነሥቶ 112.5 ላይ ያበቃል፣ በነፃው በኩል 37.5 ይተርፋል። ትርፉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጫፉ በነፋስ ሲበጣጠስ 5 ወይም 10 ሳንቲም ሜትር ቆርጦ እንደገና ማጠፍ ይቻላል፣ ምልክቱ አይነካም። አፍንጫው ወደ ምሰሶው ይዙር። ባንዲራ የያዘ ሰው ሲሄድ የሚቀድመው ምሰሶው ስለሆነ አፍንጫው ወደ ነፃው ጫፍ ከዞረ ታንኳው የኋሊት የሚሄድ ይመስላል።

ታንኳውን በሁለቱም ፊት ለማሳየት ሁለት ታንኳ መስፋት አያስፈልግም። ቢጫው በመደቡ ላይ ይደረጋል፣ በረጅም ጊዜያዊ ስፌት ይያዛል፣ ከዚያ በቅርጹ መስመር ላይ በቀጥታ ስፌት ይዞራል። የስፌቱ እርምጃ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ ካጠረ መርፌው ጨርቁን እየበሳሳ በቀዳዳው መስመር እንዲቀደድ ያደርጋል። ከውጭ የተረፈው ቢጫ ወደ ስፌቱ ተጠግቶ ይቆረጣል። ቀጥሎ ባንዲራው ይገለበጥና በታንኳው ውስጥ ያለው ሰማያዊ ወደ ስፌቱ ተጠግቶ ይቆረጣል። መቀሱ የፊተኛውን ቢጫ እንዳይነካ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ካርቶን ይግባ፤ ያለ ካርቶን የሚቆርጥ ሰው ታንኳውን መብሳቱ አይቀርም። በመጨረሻም 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ዚግዛግ በሁለቱም ፊት ጠርዙ ይሸፈናል። አሁን ታንኳው አንድ ቢጫ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ይታያል፣ ፀሐይም ከበስተኋላው ስታበራ እንደ መስኮት ያበራል። አፍንጫው ላይ ስፌቱ ወደ ኩርባ ሲገባ ጨርቁ ስለሚለጠጥ ከሥሩ ወረቀት አድርጎ አብሮ መስፋትና ኋላ ቀድዶ ማውጣት ነው። ወረቀቱ ያልተጻፈበት ይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም በቢጫው ላይ ይቀራል።

በምሰሶው በኩል 14 ሳንቲም ሜትር ስፋት ያለው ሸራ ታጥፎ 5 ሳንቲም ሜትር ሆኖ ይሰፋል፣ ከላይና ከታች የናስ ቀለበት ይገባበታል። ነፃው ጫፍ ላይ አራት መስመር ስፌት ይሂድ፣ ሁለቱ ማዕዘኖች በሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይጠናከሩ፤ ባንዲራ ሁልጊዜ መበጣጠስ የሚጀምረው ከነዚያ ማዕዘኖች ነው። የምሰሶው ቁመት የባንዲራው ርዝመት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ቢሆን ያምራል። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በረኪና ሳይነካው፣ ጥላ ውስጥ ይሰጣ።

የሙከራው ጊዜም ይመረጥ። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ስለሚነፍስ ከሰዓት በኋላ ባንዲራው ተዘርግቶ ይታያል። ጠዋት ነፋስ ሳይኖር ግን ምሰሶው ላይ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል፤ ያኔም የማን እንደሆነ በቀለሙ ብቻ መታወቅ አለበት። በእኩለ ቀን፣ በጠዋቱ ጸጥታና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሁለቱም ፊት፣ ከ30 ሜትር ይታይ። ንድፉን ያላየ ሰው ጠርቶ «ምን አየህ?» ማለት ነው። «ሙዝ» ካለ አፍንጫው እንደገና ይነደፍ።

ምርጫውን በተመለከተ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይስጥ መባሉ ተመሳሳይ ንድፎች ሲበዙ ያዛባል። ለምሳሌ 40 መራጮች አምስት ንድፍ ቀርቦላቸው አራቱ ታንኳ ያለባቸው ቢሆኑና 26 ሰዎች ታንኳ ቢፈልጉ ድምፃቸው 7፣ 7፣ 6 እና 6 ሆኖ ይከፋፈላል፤ አምስተኛው በ14 ያሸንፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የሚስማማበትን ንድፍ ሁሉ ምልክት ያድርግ። ብዙ ምልክት ያገኙት ሁለቱ ይሰፉ፣ የመጨረሻው ድምፅ በጨርቁ ላይ ይሰጥ። ያሸነፈው ልኩ፣ የእምብርቱ ቦታና የቀለሙ ቁጥር በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ከየጨርቁ 10 በ10 የሆነ ቁራጭ ተሰፍቶበት ይቀመጥ። በስልክ የሚታየው ሰማያዊና ሱቅ ያለው ሰማያዊ አይገናኙም፤ ቀጣዩ ሰፊ የሚያመሳክረው ከቁራጩ ጋር ነው።

ለጋዜጣው አንድ ልመና አለኝ። ንድፎቹን ስታትሙ በትልቁና በቀለም ብቻ አታውጧቸው። ከያንዳንዱ ጎን ቁመቱ 2፣ ርዝመቱ 3 ሳንቲም ሜትር የሆነ አንድ በጥቁርና ነጭ አትሙልን። አንባቢው ጋዜጣውን ከዓይኑ 60 ሳንቲም ሜትር አርቆ ሲይዝ የሚያየው ልክ 1 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ባንዲራ ከ30 ሜትር ሲታይ ካለው ልክ ጋር እኩል ነው። አባላቱም ለስፌት ገንዘብ ሳያወጡ የማይሆኑትን ንድፎች በዚያ መጣል ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ ከባሕር ዳር